አራት ጉርድ ፎቶ

አይናዲስ አሰበ ተፈሪ የገባችው በሰባ አንድ ዓመተ ምሕረት ነው፤ የሶማሌ ጦርነት ካለፈ በኋላ፣ የከተማው ሰው በር ጓ ብሎ ሲዘጋ እንኳ ክው በሚልበት ጊዜ። አገሯ ምንጃር ነው። ሐረር መምህራን ማሠልጠኛ ተምራ ወጣችና ከተማው ዳር፣ ዳገቱ ላይ ካለው ትምህርት ቤት ተመደበች። የትምህርት ቤቱን ስም ማንሳት አያስፈልግም፤ ሰዉም «የዳገቱ» ነበር የሚለው። ጣራው ከቆርቆሮው ቀዳዳው ይበዛል። ዝናብ ሲመጣ ልጆቹ ደብተራቸውን ብብታቸው ውስጥ ወትፈው አንድ ጥግ ይታጨቃሉ፤ እሷም አብራቸው ትታጨቃለች።

«አንድ ዓመት ሠርቼ ዝውውር እጠይቃለሁ» ብላ ነበር የመጣችው። ኧረ ወዲያ! ስንቱ መምህር እንደዚያ እያለ መጥቶ እንደዚያ እያለ ሄደ፤ እሷ ግን ቀረች። ቀጭን ናት፣ ፈጣን ናት፣ ስትናደድ አንገቷ ላይ ያለው ሥር ይገታተራል፤ ወዲያው ደግሞ ይበርድላትና ያስቆጣትን ልጅ ራሱን ስትዳብስ ትገኛለች።

የመጀመሪያ ቀን ክፍል ገብታ አንድ ጥያቄ ብትጠይቅ ልጁ ሁሉ ዓይኑን ቁልጭ ቁልጭ አደረገባት። ለካ ግማሹ ቤቱ የሚያወራው በኦሮምኛ ነው፤ አማርኛን የሚያገኘው እዚያ ጥቁር ሰሌዳ ላይ ነው። ሌላው መምህር ቢሆን «ደደቦች» ብሎ ይገላገል ነበር። እሷ ምን አደረገች መሰላችሁ? እረፍት ሲደወል ልጆቹን ዛፍ ሥር አስቀምጣ «ይሄን ምን ትሉታላችሁ? ያንንስ?» እያለች ትማር ጀመር። ስትሳሳት ይንከተከቱባታል፤ እሷም ትስቃለች። ሁለት ዓመት ሳይሞላ ገበያ ወርዳ በኦሮምኛ የምትከራከር ሆነች። ስሟም ተረሳና «ባርሲስቱ» ተባለች፤ መምህርት ማለታቸው ነው።

ማስተማሩንስ ታውቅበት ነበር። ማካፈልን በማሽላ ፍሬ፣ ክፍልፋይን በጫት እስር አስተማረች። ጎርፍ አፈር እንዴት እንደሚበላ ለማሳየት ክፍሉን ሙሉ ይዛ ከትምህርት ቤቱ በታች ያለውን ገደል ትወርዳለች፤ ልጆቹ ጭቃ በጭቃ ሆነው ይመለሳሉ። ያን ጊዜ የክፍሏ ሳቅ እስከ መኪናው መንገድ ይሰማ ነበር።

ግን ፈተና የሚባል ነገር አለ። ስድስተኛን የጨረሰ ሁሉ የአገር አቀፉን ፈተና ይቀመጣል። ወረቀቱ ታሽጎ ከአዲስ አበባ ይመጣል፤ ለምንጃርም ልጅ ለአሰበ ተፈሪም ልጅ ያው አንድ ወረቀት፣ ያው አንድ አማርኛ። ያለፈ ሰባተኛ ይገባል፣ የወደቀ ቤቱ ይገባል። በዳገቱ ትምህርት ቤት ደግሞ ቤቱ የሚገባው ይበዛ ነበር።

በሰባ አራት ጋሽ ብሩ የሚባሉ አዲስ ዲሬክተር መጡ። ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ክፉ ቢሆኑ ነገሩ ይቀል ነበር። ጫማቸው የተወለወለ፣ ቃላቸው የተቆጠበ፣ ልጅ ሲገረፍ ማየት የማይወዱ ሰው ናቸው። በዚያ ዓመት ክረምት አውራጃው የዲሬክተሮች ስብሰባ ጠራና የየትምህርት ቤቱ ውጤት በመቶኛ ተነበበ። ከመጨረሻ ያሉት ሰዎች «እስቲ ተነሡ፣ እንያችሁ» ተባሉ። ጋሽ ብሩ ሽበታቸውን ይዘው፣ እንዳረፈደ ተማሪ ተነሥተው ቆሙ። አዳራሹ ሳቀባቸው። አንደኛ የወጣው ትምህርት ቤት ቀይ ሰንደቅ ተሸለመ፤ ጠመኔው፣ መጽሐፉ፣ የጣራ ማደሻው ሁሉ «ላሳለፈ ይጨመርለት፤ ላላሳለፈ ምን ይሠራለታል» ተብሎ ወደዚያው ሄደ። እንግዲህ ፍረዱ፤ ጣራው የሚያፈሰው የማን ነው?

ጋሽ ብሩ ከዚያ ስብሰባ ሌላ ሰው ሆነው ተመለሱ።

መጀመሪያ የእጅ ሥራው ቀረ፣ ቀጥሎ መዝሙሩ፣ ቀጥሎ ስፖርቱ። «ከጥቅምት በኋላ ለፈተና የማይመጣ ነገር አይማሩም» ተባለ። ገደል መውረዱም ቀረ። አይናዲስ ጠዋት ገብታ ያለፉትን ዓመታት ጥያቄዎች ሰሌዳ ላይ ትጽፋለች፤ ልጆቹ «ሀ! መ! ለ!» እያሉ ይጮኻሉ። ጥያቄው ምን እንደሚል ሳይገባቸው መልሱን በቦታው የሚያውቁ ልጆች ሆኑ። «ያላወቃችሁትን ሐን አጥቁሩ፤ ባዶ አትተዉ» ብላ ታስተምራለች። አንድ ቀን ረዲያ የምትባል ከፊት የምትቀመጥ ልጅ እጇን አወጣችና «ባርሲስቱ፣ በረዶ ለምን ክብ ሆነ?» አለቻት። ደስ የሚል ጥያቄ! አይናዲስ አፏን ከፍታ ልትመልስ ስትል ሰሌዳው ላይ የቀራትን አየችና «እሱ ለፈተና አይመጣም» አለቻት። ልጅቷ እጇን አወረደች፤ ሁለተኛም አላወጣች። አይናዲስን ሌሊት ምን ሲያንገበግባት አደረ ብትሉ ያች የወረደች እጅ።

ቀጥሎ የመጣው ግን የባሰ ነው። ጋሽ ብሩ አሰቡ፣ አሰላሰሉ፣ ደረሱበት። መቶኛው የሚሰላው ከተፈታኙ ነው፤ የማያልፈው ልጅ ካልተፈተነ አይወድቅም፤ ካልወደቀ መቶኛው አይወርድም። ስለዚህ ጥር ላይ፣ የፈተናው ምዝገባ ሳይጀመር፣ ትምህርት ቤቱ የራሱን ማጣሪያ ይሰጣል። የደከመው ልጅ ሳይመዘገብ ይቀርና ስድስተኛን ለከርሞ ይደግማል። ልጆቹም ስም አወጡላቸው፤ «ከራሚ» ይሏቸው ጀመር። ከራሚዎች ከመጋቢት በኋላ ጠዋት ጠዋት ክፍል አይገቡም፤ መምህሯ ለተፈታኞቹ እንድትደርስ እነሱ የትምህርት ቤቱን አትክልት ይኮተኩታሉ።

ይሄን ለወላጅ ማን ይንገር? ኦሮምኛ የምታውቅ፣ ሰው የሚያምናት፣ ከአፏ ማር ጠብ የሚል ማን አለ? አይናዲስ። ቤት ለቤት ዞራ «ዘንድሮ ገብቶ ከሚወድቅ ለከርሞ ገብቶ ይለፍ» ትላለች። ደግሞ ከልቧ ነው፤ ውሸቷን አይደለም። አንዳንዱ ልጅ እውነትም በሁለተኛው ዓመት አለፈ። አብዛኛው ግን አትክልት መኮትኮቱ ሲሰለቸው፣ ታናሹ ሲያልፍና እሱ ሲቀር፣ አፍሮ ቀረ። ሴቶቹ ተዳሩ። ማን ቆጠራቸው? አልተፈተኑማ!

በሰባ ስድስት ሰንደቁ ዳገቱን ወጣ። ጣራው ታደሰ። ጋሽ ብሩ ቢሮ ግድግዳ ላይ ቀይ ጨርቅ ተንጣለለ፤ መምህሩ ሁሉ ተደሰተ፤ ምን ይዋሻል፣ አይናዲስም ተደሰተች።

መስዑድ የሚባል ልጅ ነበረ። ትምህርት የጀመረው ዘግይቶ ነው፤ በጦርነቱ ጊዜ እናቱ ይዛው ሸሽታ ስለነበር በሰማንያ ዓመተ ምሕረት ስድስተኛ ሲደርስ ጢም ማቀንቀን ጀምሮታል። እናቱ ኩብራ በመኪና ማቆሚያው አጠገብ ጫት ትሸጣለች፤ ባል ሞቶባታል፣ ከሱ ሌላ ልጅ የላትም። መስዑድ ሒሳብ ላይ ጉድ ነው። አይናዲስ ጥያቄውን ጽፋ ሳትጨርስ መልሱን ይነግራታል። አማርኛ ንባብ ላይ ግን ጣቱን ከፊደሉ ሥር እያስኬደ፣ እያላበው፣ አንዷን ገጽ ለመጨረስ ጣር ነው። ቢነግሩት ሁሉ ይገባዋል። ወረቀት ግን አይነግርም።

ኩብራ የምዝገባው ወሬ እንደተሰማ ልጇን ፎቶ ቤት ወሰደችው። ለመመዝገቢያ ጉርድ ፎቶ ያስፈልጋል። ፎቶ አንሺው ለሰው ሁሉ የሚያውሰውን ኮት አለበሰው፤ ትከሻው ይሰፋዋል፣ አንገቱ ከውስጡ ብቅ ብሏል፤ ልጁም ሳቁን ለመዋጥ ከንፈሩን ገጥሞታል። አራት ፎቶ ታጠበላት። ኩብራ ጫት ለሚሸጡት ሴቶች፣ ለሾፌሩ፣ ለረዳቱ፣ ለአላፊ አግዳሚው አሳየች። «እዩት! የኔ ልጅ ነው! ኮት ለብሷል!» ከዚያ ዳገቱን ወጥታ አራቱንም ለአይናዲስ አስረከበች።

ጥር ላይ መምህራን ጋሽ ብሩ ቢሮ፣ ሰንደቁ ሥር ተቀመጡና የማጣሪያው ውጤት ተነበበ። መስዑድ ላይ ሲደረስ ጋሽ ብሩ መነጽራቸውን አወለቁ።

«ሒሳቡ ግሩም ነው። አማርኛው ግን ምን ነካው?»

«ሲያነብ ነው የሚዘገየው እንጂ ያውቃል፤ ትንሽ ጊዜ ቢያገኝ…» አለች አይናዲስ።

«ጊዜውን የምሰጠው እኔ ነኝ እንዴ? አዲስ አበባ ነው ሰዓቱን የሚቆርጠው።» ጋሽ ብሩ ድምፃቸውን አለዘቡ። «እሺ፣ መምህርት። ያልፋል በይኝና አሁኑኑ ይመዝገብ። በአንቺ ኃላፊነት።»

አይናዲስ ያን ልጅ ማጣሪያው ላይ እንደነበረ በዓይነ ኅሊናዋ አየችው፤ ሰዓቱ ሲያልቅ፣ ሲሶው ወረቀት ባዶ እንደሆነ፣ እጁን ሱሪው ላይ ሲጠርግ። «ያልፋል» ማለት ነበረባት። አንዲት ቃል! ብትሳሳትስ ምን ይመጣባታል? ሰንደቁ ይሄዳል፣ ጋሽ ብሩ ያኮርፋሉ፤ ይኸው ነው።

«ለከርሞ ይሻለው ይሆናል» አለች።

ወይ አይናዲስ! ወይ አንቺ ሴት!

በማግስቱ ፎቶዎቹን ይዛ መኪና ማቆሚያው ወረደች። ኩብራ ከሩቅ አይታት እርጥቡን ጆንያ አንሥታ ቦታ ለቀቀችላት።

«ነይ ባርሲስቱ፣ ተቀመጪ። ምነው ፊትሽ?»

አይናዲስ ፎቶዎቹን ዘረጋችላት።

«መጥፎ ነው? ጆሮው አልታየም?» አለች ኩብራ ደንግጣ። ጆሮ ካልታየ ፎቶውን እንደማይቀበሉ ሰምታለች።

«ጆሮው ታይቷል፣ ኩብራዬ። ዘንድሮ ይቅርበት ብለን ነው። ወጋ ቶኮ ቆፋ፤ አንድ ዓመት ብቻ። አሁን ቢወድቅ ልቡ ይሰበራል። ለከርሞ እኔው ራሴ ማታ ማታ አስነብበዋለሁ፣ ያልፋል። ቃሌ ነው።»

ኩብራ አየቻት፣ ፎቶዎቹን አየች። የምታውቀው አማርኛ ለክርክር አይበቃትም፤ በኦሮምኛውም ቢሆን ከባርሲስቱ ጋር ምን ብላ ትከራከራለች? «ወላሂ፣ አንቺ ካልሽ ሀዬ፣ እሺ» አለች።

«ፎቶዎቹን አስቀምጪ። ለከርሞ ያገለግላሉ።»

ኩብራ በላስቲክ ጠቅልላ ጉያዋ ውስጥ አስገባቻቸው።

ግንቦት ላይ ነው። ረፋድ። አይናዲስ ተፈታኞቹን «ሀ! ሐ!» እያስባለች ሳለ አንድ ወታደራዊ መኪና በሩ ላይ ቆመ። ብሔራዊ ውትድርና ነው። ከተማው ኮታውን ማሟላት አቅቶት ወጣቱ ጫካ ለጫካ ተደብቋል፤ ገለምሶ መንገድ ላይ ከአውቶቡስ እያወረዱ እንደሚወስዱ ሲወራ ሰንብቷል። ትምህርት ቤት ይገባሉ ብሎ ግን ያሰበ አልነበረም። የቀበሌው ሊቀመንበርና የታጠቁ ሰዎች ግቢውን ሞሉት። የሚመራቸው የመቶ አለቃ ረጋ ያለ ሰው ነው፤ ጋሽ ብሩን ሰላም ብሎ «ተፈታኝ አንነካም፣ አይዞዎት። የመግቢያ ካርድ ያለው በዚህ በኩል ይቁም» አለ።

ተፈታኞቹ ፎቷቸው የተለጠፈበትን ካርድ ከፍ አድርገው ግድግዳውን ተደግፈው ቆሙ። ያን ጊዜ የመቶ አለቃው ወደ አትክልቱ ዞረ። ከራሚዎቹ መኮትኮቻቸውን እንደያዙ ደርቀው ቀርተዋል።

«እነዚህስ?»

«ተማሪዎቼ ናቸው፤ ለከርሞ የሚፈተኑ…» አሉ ጋሽ ብሩ።

«ካርድ አላቸው?»

ከከራሚዎቹ በቁመት የረዘሙት ተመረጡ፤ መስዑድና በክሪ የሚባል ጓደኛው ከነዚያ ውስጥ ናቸው። አይናዲስ ጠመኔ እንደጨበጠች ሮጣ ወጣች፤ ነጠላዋ ከኋላዋ ቀረ።

«ተማሪዬ ነው! ልቀቁት! ሒሳብ ከትምህርት ቤቱ አንደኛ ነው፣ ማንንም ጠይቁ!»

የመቶ አለቃው ዞር ብሎ አያት። ሊያሾፍባት አይደለም፤ እውነት ግራ ገብቶት ነው።

«አንደኛ ከሆነ ለምን አይፈተንም?» አላት።

ጋሽ ብሩን አየች፤ እሳቸው መሬት መሬት ያያሉ። አንዱ ታጣቂ መኮትኮቻውን ከመስዑድ እጅ ወስዶ ጎመኑ ላይ ጣለው። ልጁ መኪናው ላይ ከወጣ በኋላ አንገቱን አስግጎ፣ «ባርሲስቱ፣ ለእናቴ ንገሪያት፤ ለከርሞ ለፈተናው እደርሳለሁ በያት» አለ። መኪናው ቁልቁል ወረደ።

የዚያ ዓመት ውጤት መቶ በመቶ ነበር። ሰንደቁ ከግድግዳው አልተነቃነቀም።

ዓመቱ ዞሮ ጥር ሲመጣ፣ የሰማንያ አንዱ ምዝገባ በተጀመረ ቀን፣ ኩብራ ዳገቱን ወጣች። ከስታለች። ከጉያዋ ላስቲኩን አወጣችና ሁለት ፎቶ ጠረጴዛው ላይ አኖረች።

«መዝግቢው» አለች።

አይናዲስ ብዕሯን አስቀመጠች። «ኩብራዬ፣ እሱ እኮ የለም…»

«ካርድ ያለው ይቀራል አላሉም? አንቺ ነሽ የነገርሽኝ። ካርድ ስጪኝ፣ ወስጄ አሳያቸዋለሁ። ልጄ ተፈታኝ ነው፣ መልሱ እላቸዋለሁ። ለከርሞ ብለሽኛል፤ ከርሞ ይኸው ዛሬ ነው።»

እብደት አይደለም፤ እሷ ከሆነባት ነገር ተነሥታ ያወጣችው ሒሳብ ነው። አይናዲስ «አይሆንም» ልትላት አንጀቷ አልቻለም። እውነቱን ለመናገር እሷም ትንሽ ተስፋ አደረገች፤ ሰው ሲጨንቀው የማያምነውን ያምናል። ፎቶውን በዱቄት ሙጫ ካርዱ ላይ ለጠፈች፣ ሁለተኛውን ለአውራጃው ከሚላኩት ጋር አያያዘች፣ ካርዱንም ከተከመሩት መሃል ሰክታ ለጋሽ ብሩ አቀረበች። እሳቸው ቀና ሳይሉ፣ ቡና እየጠጡ፣ ጓ! ጓ! ጓ! እያደረጉ አተሙ። ማኅተሙ ጥግ ላይ መሆን ሲገባው መስዑድ ግንባር ላይ አረፈ።

ኩብራ ካርዱን ይዛ የምልመላው ጽሕፈት ቤት ደጅ ጠናች። ጫቷን ለሌላ ሴት ትታ ጠዋት ትሄዳለች፣ ማታ ትመለሳለች። አንዱ «እንጽፋለን» ይላታል፣ ሌላው «ሐረር ሂጂ» ይላታል። ሐረርም ሄደች። የፈተናው ዕለት ካርዱን ለአይናዲስ አስረክባ በሩ ላይ ቆመች፤ ዓይኗ መንገዱ ላይ ነው። ቢመጣ በዚያ በኩል ነው የሚመጣው። አይናዲስ እንደ ደንቡ የእያንዳንዱን ወረቀት በየቦታው ስታኖር መስዑድ ቦታ ደረሰች፤ ባዶው ዴስክ ላይ ወረቀቱን አኖረች፣ እርሳስም አኖረችለት። ሰዓቱ አልቆ ስትሰበስብ ኩብራ አሁንም በሩ ላይ ነበረች።

የቀረ ተፈታኝ እንደወደቀ ነው የሚቆጠረው። መቶው ዘጠና ምናምን ሆነ፣ ሰንደቁ ሌላ ትምህርት ቤት ሄደ፣ ግድግዳው ላይ ያልተቀባው ቦታ ብቻ ቀረ። ጋሽ ብሩ አይናዲስን አስጠሩ። አልጮኹም።

«ለአንድ የሌለ ልጅ ብለሽ? የስንት ሰው ልፋት!»

«እያለ የለም ያልነው እኛ ነን፣ ጋሽ ብሩ። እርስዎ ጠየቁኝ፣ እኔም ልጁን አሳልፌ ሰጠሁዎ።»

«ሁለተኛ እንዳይደገም!»

ተደገመ። በሰማንያ ሁለት ኩብራ የቀሩትን ሁለት ፎቶዎች ይዛ መጣች፤ ላስቲኩ ባዶውን ጉያዋ ተመለሰ። በዚህኛው አይናዲስ አልደበቀችም። ካርዱን ለብቻው ይዛ ቢሮ ገባችና «ያትሙልኝ። ካላተሙ አውራጃው ድረስ ሄጄ ከራሚ ማለት ምን ማለት እንደሆነ አንድ በአንድ እናገራለሁ» አለች። ጋሽ ብሩ ቆሌያቸው ተገፈፈ። ማኅተሙን አንሥተው ባለ በሌለ ኃይላቸው መቱት፤ ይኼኛውም ፊቱ ላይ አረፈ።

ዋጋዋን አገኘች። በመስከረም ከስድስተኛ ክፍል አውርደው አንደኛ ክፍል ሰጧት። በቦታዋ ዓባይ የሚባል ጎበዝ ወጣት ተተካ፤ ከራሚ መምረጥ ከሷ በላይ ቻለበት፤ በሰማንያ ሦስት መጋቢት የማጣሪያው ልጆች እንደ ወትሮው አትክልቱ ውስጥ ገቡ። እሷ ደረቷን መትታ ምን አመጣች? ምንም።

በዚያው ዓመት ግንቦት መንግሥት ወደቀ። ወታደሩ መሣሪያውን እየጣለ፣ በባዶ እግሩ፣ በመንገዱ ግራና ቀኝ ይጎርፍ ጀመር። ኩብራ ጀሪካን ውሃ ይዛ መንገድ ዳር ተተከለች። ያጠጣችውን ሁሉ ትጠይቃለች። «መስዑድ የሚባል፣ ረዘም ያለ፣ ሒሳብ የሚያውቅ?» ፎቶ እንኳ የላትም የምታሳይበት፤ ሁሉንም ለምዝገባ ሰጥታዋለች።

ክረምቱ ሲገባ በክሪ መጣ። አንድ እግሩ የለም፤ በምርኩዝ ነው። እናቱ ጋ ከዋለ በኋላ በቀጥታ የሄደው ኩብራ ጋ ሳይሆን አይናዲስ ቤት ነው። ደጃፉ ላይ ተቀመጠና መሬቱን በምርኩዙ እየጫረ ተናገረ።

«ባርሲስቱ፣ ለመስዑድ እናት እንዴት ብዬ ልንገራት? ወላሂ አልችልም።»

«መቼ ነው?» አለች አይናዲስ።

«ከሄድን ዓመት ሳይሞላ ነው፤ ታኅሣሥ ላይ። ሒሳብ ስለሚችል ጥይት አዳይ አድርገውት ነበር፤ ለያንዳንዱ ስንት እንደደረሰው በቃሉ ይይዛል። የጥይቱ ሳጥን አጠገብ ሳለ ነው የተመታው።»

ታኅሣሥ! አይናዲስ አሰበች። ኩብራ ያን ሁለት ፎቶ ይዛ ጥር ላይ ስትመጣ ልጁ አፈር ከለበሰ ሰንብቷል። ባዶው ዴስክ ላይ እርሳስ ያኖረችው፣ ኩብራ በሩ ላይ ቆማ መንገድ ያየችው፣ ያ ሁሉ… ደጃፉ ላይ ከበክሪ አጠገብ ተቀመጠች።

ሁለቱ አብረው ሄደው ነገሯት። የተናገረችው አይናዲስ ናት፤ ዞር ዞር አላለችም። ኩብራ አልጮኸችም። «ኢንና ሊላሂ» አለች፣ ሻርፏን ፊቷ ላይ ሳበች። አይናዲስ ለቀስተኛው እስኪሄድ ጥግ ይዛ ተቀመጠች። ብትሰድባት፣ ብታባርራት ደስ ይላት ነበር፤ ኩብራ ግን አላባረረቻትም፣ አላናገረቻትምም።

በጥቅምት፣ ትምህርት እንደገና ሲከፈት፣ አይናዲስ አንደኛ ክፍሎችን ፊደል እያስቆጠረች ሳለ በሩ ላይ ጥላ ወደቀ። ኩብራ ናት። ዳገቱ አድክሟት ግድግዳውን ይዛለች።

«ባርሲስቱ፣ ፎቶዎቹን ስጪኝ» አለቻት። «እኔ ጋ አንድም የለም። ፊቱ እየጠፋብኝ ነው።»

አይናዲስ ልጆቹን «ጻፉ» ብላ መሳቢያዋን ከፈተች። ለአውራጃው የተላኩት ሁለቱ በግንቦቱ ግርግር ጽሕፈት ቤቱ ሲዘረፍ የት እንደገቡ አይታወቅም። በእጇ ያሉት ያልተፈተነባቸው ሁለት ካርዶች ናቸው። ፎቶውን ልታላቅቀው በጥፍሯ ሞከረች፤ የዱቄቱ ሙጫ ድንጋይ ሆኗል፤ ጠርዙ መቀደድ ሲጀምር ተወችው። እንዳለ፣ ከነካርዱ ሰጠቻት።

ኩብራ ወደ መስኮቱ ጠጋ ብላ ሁለቱንም ብርሃን ላይ ያዘቻቸው። የፎቶ ቤቱ ሰፊ ኮት አለ። አንገቱ አለ፣ ጆሮዎቹ አሉ። ከግንባሩ እስከ አፉ ግን ሰማያዊው ክብ ማኅተም ሸፍኖታል፤ በአንዱ ደብዘዝ፣ በሌላው ደመቅ ብሏል። አውራ ጣቷን በምራቋ አርሳ ቀስ እያደረገች አሸችው። ደግማ አሸችው።

«ባርሲስቱ» አለች ቀና ሳትል፣ «ይሄ ከፊቱ ላይ አይለቅም?»

አይናዲስ አጠገቧ ቆመች። ትንንሾቹ ልጆች ጽፈው ጨርሰው ሁለቱን ሴቶች ያያሉ።

«አይለቅም፣ ኩብራዬ» አለቻት።